ሚስማር አፉ ውስጥ እያለ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? የእማዬስ ጉልበት እንዴት ነው? እኔ ደብዳቤህ እስኪደርሰኝ ድረስ ደህና ነበርኩ። ፖስታውን ሳየው "ስልክ እያለ ምን ያስጽፈዋል?" ብዬ ሳቅሁብህ። ሳነበው ግን ሳቄ ጠፋ። የቤቱ ስልክ እማዬ አልጋ ራስጌ ነው፣ ያንተን ደግሞ እነዚያ የባንኩ ዕዳ ሰብሳቢዎች እረፍት ቢነሱህ ዘግተኸዋል፣ ታዲያ በምን ታዋየኛለህ? እንግዲህ እንጻጻፍ።

ከወረቀቱ ጥግ በእርሳስ ለጻፍካት ጥያቄ መልሴ "አላውቅም" ነው። የሞተ አባት ዕዳ ለሚስቱና ለልጆቹ ይተላለፍ እንደሆነ የሕግ ሰው እጠይቅልሃለሁ። እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ዕዳው ራሱ ከየት መጣ? አባዬ እኮ የስፖንጅ ነጋዴው "ውሰድና ቀስ ብለህ ትከፍላለህ" ሲለው ስፖንጁን ጥሎ የሚመለስ ሰው ነበር። የሥራ ሸሪኩ ከባንክ ተበድሮ የእንጨት መላጊያ ማሽን መግዛቱን፣ ማሽኑንም ሸጦ ድራሹ መጥፋቱን ሁላችንም እናውቃለን። አባዬ ለዚያ ብድር ዋስ ነበር የሚለውን ግን ገና ካንተ መስማቴ ነው። ዋስ ከነበረ በሕይወት እያለ አንድ ቀን እንኳ ለምን አልጠየቁትም? ሰውየው መልስ መስጠት ሲያቆም ነው እንዴ ጥያቄ የሚጀመረው? እንደው ደሜ ፈላ!

"ፊርማው የታለ?" በላቸው። አባዬ የፈረመበትን ወረቀት በዓይንህ ያሳዩህ። እስከዚያ እማዬ ለማንም ምንም እንዳትል። ታውቃት የለ፣ ለሰው እሺ ከማለት ሌላ አታውቅም። ዕቃ የሚያዞር ሻጭ ቢመጣ እሺ፣ ጎረቤት መሰላል ሊዋስ ቢመጣ እሺ፣ ቁጥር ተሳስቶ የደወለ ሰው እንኳ እሺ ተብሎ ነው የሚሰናበተው።

እኛ ቤት እኮ እሺ ብዙ ዓይነት ነው። አባዬ ሶፋ ሲያለብስ አፉን በጥቃቅን ሚስማር ሞልቶ፣ አንድ አንዱን በከንፈሩ እየገፋ አውጥቶ ሲመታ፣ እኛ ያቺን ሰዓት ጠብቀን "አባዬ፣ ሲኒማ እንሂድ?" ስንለው "እሽ" የሚላት ትዝ ትልሃለች? እየሮጥን ሄደን "ፈቅዷል!" ስንል እማዬ ደግሞ "ሚስማር አፉ ውስጥ እያለ የተባለ እሺ አይቆጠርም። ይትፋውና ይድገመው" ትለን ነበር። ልጆቿን እንዲያ ስትዳኝ የኖረች ሴት ዛሬ ለዕዳ ሰብሳቢ እሺ ስትል ይታይህ። ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ

ጥቅምት 17

ለእትዬ፣

እንደምን አለሽ? ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። የአንዲት ጥርስ ሐኪም ሶፋ ለማድረስ ስጣደፍ ነው የከረምኩት። እውነቱን ካልሽ ደግሞ ቁጣሽን ፈርቼ ነው።

ሰዎቹ ምን እንደሚመስሉ ልንገርሽ፣ ሁለት ናቸው። አንደኛው ወፍራም ቦርሳ ይዞ ይመጣል፣ ብዙም አይናገርም። ባለፈው ቁጭ በል ሳልለው ሞላውን ገና ያላሰርኩት ሶፋ ላይ ዘፍ ሲል ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። እጄን ዘርግቼ ላወጣው ይገባ ነበር፣ ዝም ብዬ አየሁት። እዚያው ተቀርቅሮም ቢሆን ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ የእማዬን ክፍል በር በዓይኑ ይለካ ነበር። ቤቱ ከአባዬ ሞት በኋላ በእሷ ስም መዞሩንም ያውቃል። ዕዳውን አምና ከፈረመች የሚወስዱት ይህንኑ ነው፣ ወርክሾፑንም፣ ከኋላ ያለውን የእሷን ክፍልም። ይህንን አፍ አውጥቶ አልነገረኝም፤ እንድትፈርም ይዞት የመጣው ወረቀት ላይ ግን ተጽፏል።

ሁለተኛውን አይቼው አላውቅም፣ እሱ የስልክ ነው። ድምፁ ቅቤ የተቀባ ስለሆነ ስሙን "ለስላሳው" ብየዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ይደውልና "እንዴት አደሩ እናቴ፣ ጉልበትዎ ተሻለዎት?" ብሎ ይጀምራል። እሷም "እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ" ትላለች። ብድሩን ሲያነሳባትም "እሺ" ነው። ከጀርባዋ ቆሜ በእጄ "ተይ! ተይ!" ስላት ዝንብ የማባርር ይመስላታል።

ፊርማውን እንዳልሽኝ ጠየቅኳቸው። ፊርማ የለም። ያላቸው የድምፅ ቅጂ ነው። ያኔ ከባንኩ ወርክሾፑ ድረስ ተደውሎ "ለሸሪክዎ ዋስ ይሆናሉ?" ሲባል አባዬ እሺ ብሏል፣ እሱም ተቀድቷል አሉኝ። "እንግዲያው አሰሙኝ" ስል ባለ ቦርሳው "በሥርዓቱ ይሰማል" ብሎኝ ወጣ። ምን ዓይነት ሥርዓት እንደሆነ አልነገረኝም።

ሌላም የምጽፍልሽ ነገር ነበር፣ ይቆይ። እማዬ ደህና ናት፣ ትበላለች። የላክሽላት ሹራብ ልክ ሆኖላታል።

ወንድምሽ

ጥቅምት 26

ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ለእኔስ ሰላም ከራቀኝ ሰንብቷል።

"ይቆይ" ብለህ የዘለልካት ነገር ምንድን ናት? "ደህና ናት፣ ትበላለች" ብለህ የሸወድከኝ መሰለህ? ስለ መብላቷ ማን ጠየቀህ? አንተ ነገር ስትደብቅ ስለ ምግብ ማውራት ከልጅነትህ ጀምሮ ነው። ባስቸኳይ ጻፍልኝ።

አሁን የሕጉን ስማ። የመሥሪያ ቤታችንን ነገረ ፈጅ ያዝኩትና ጠየቅኩት። ዋስትና በጽሑፍ ካልሆነና ካልተፈረመ ዋስትና አይደለም አለኝ፣ በቃ። ድምፅ ተቀዳ አልተቀዳ፣ ብቻውን ቤት አያስወስድም። "ታዲያ ይሄን እያወቁ ለምን ያሳድዷታል?" አልኩት። ሳቀብኝ። የአባታችሁ ፊርማ ስለሌላቸው የእናታችሁን ፊርማ ፈልገው ነዋ አለኝ። "ዕዳውን አምኜ ተቀብያለሁ" የምትል አንዲት መስመር አዘጋጅተው ይጠብቋታል። እዚያች መስመር ላይ ከፈረመች የድሮው ቀርቶ አዲስ ዕዳ ተወለደ ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ማንም አያድናትም።

ይሄን ስሰማ እንደ እብድ ብቻዬን ሳወራ ዋልኩ። ለዓመታት ዝም ብለው፣ ሰውየው አፈር እስኪለብስ ጠብቀው፣ ከዚያ ጉልበቷን የሚያማትን ሴት በየጠዋቱ "እናቴ" እያሉ! ከመቼ ጀምሮ ነው እናቱ የሆነችው? ማን አርግዞት ማን አሳድጎት? ዓይን አውጣ!

እኔ የምሠራበትን ታውቃለህ፣ ቀኑን ሙሉ በመስኮት የውኃ ክፍያ በዛብኝ የሚል ሰው አቤቱታ ስቀበል ነው የምውለው። ምን ዓይነት አቤቱታ እንደሚጣል፣ ምን ዓይነቱ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በባንክ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ለሚሰማው ጽሕፈት ቤት በስምህ ጽፌ ልኬያለሁ። ሲጠሩህ "እኔ አልጻፍኩም" እንዳትል አደራ።

እህትህ

ኅዳር 5

ለእትዬ፣

ጤናሽን ይስጥልኝ። ከጽሕፈት ቤቱ ጥሪ ደርሶናል፣ በዚህ ወር አጋማሽ ላይ ከእማዬ ጋር እንቀርባለን። ደብዳቤሽን አቤቱታውን የምትሰማው ሰብሳቢ አንብባ "ይሄን የጻፈው ማን ነው? ደህና ይቆጣል" አለች አሉ። እኔ ነኝ ብያለሁ።

የደበቅኩሽን ልንገርሽ፤ ካነበብሽው በኋላ ግን እማዬ ጋ ደውለሽ እንዳትጮሂባት። ባለፈው ጠዋት ጨርቅ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ መንገድ ላይ አገኘኋት። ያቺን የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ ግድግዳ እየተደገፈች ስትሄድ። "ወዴት ነው?" አልኳት። "ልፈርም" አለችኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። "ምን ልትፈርሚ? ቤትሽን እኮ ነው የሚወስዱት!" አልኩ፣ ሰው እስኪዞር ድረስ ጮህኩ። እሷ ግን አልተቆጣችም። "አውቃለሁ፣ ነግሮኛል" አለች። "ከፈረምኩ ድምፁን ያሰሙኛል።"

እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ አልኩ። እኔና አንቺ የድምፅ ቅጂ ስንል ማስረጃ መስሎን ነበር። ለስላሳው ለእሷ የነገራት ግን "የባለቤትዎ ድምፅ እኛ ጋ አለ እናቴ፣ መጥተው የፈረሙ ዕለት ቁጭ ብለው ያደምጡታል" ብሎ ነው። አስቢው! ቤታችን ውስጥ የአባዬ ድምፅ የለም። ፎቶ ሞልቷል፣ ድምፅ ግን ማን ለመቅዳት አሰበ? ሁሌ እዚያው መዶሻው ጋ ያለ ሰው ነበር። "የሳቁን ነገር እየረሳሁት ነው" አለችኝ። "ፊቱ አለ። ድምፁ ግን ከወር ወር እየራቀኝ ነው።"

ያዘልኳት ያህል ደግፌ ወደ ቤት መለስኳት። እንዳትፈርም ቃል አስገባኋት። ምን ብላ ቃል እንደገባች ታውቂያለሽ። "እሺ" ብላ ነው።

ወንድምሽ

ኅዳር 10

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህን መሥሪያ ቤት ነው ያነበብኩት። መስኮቱን ዘጋሁ። ውጭ የተሰለፈው ሰው አንኳኳ፣ አልከፈትኩም። አለቃዬ ሊያየኝ ሲመጣ ፈቃድ ጠየቅኩት፣ ከለከለኝ። የሒሳብ ምርመራ ላይ ነን፣ ሰው የለም አለኝ። ስለዚህ አልመጣም። እንደማልመጣ ለእማዬ አንተ ንገራት፣ እኔ አልችልም።

ምን ዓይነት ሰው ነው የሞተን ሰው ድምፅ ወጥመድ ላይ የሚያስቀምጥ? ይሄ ለስላሳው እናት የለውም? አንጀቴ ነው ያረረው። ገንዘብ ፈልገው ቢመጡ ይገባኛል፣ ሥራቸው ነው። ቤት ሊወስዱ ቢመጡም እንታገላቸዋለን። የእሷን ናፍቆት ለክተው፣ ዋጋውን ቤቷን አድርገው፣ "እናቴ" ብለው መሸጣቸውን ግን እኔ እስክሞት አልረሳውም።

አሁን ነገረ ፈጁ ያለውን በደንብ ያዝ። ሰብሳቢዋ ቅጂውን ካሰማች በኋላ "ይህ የባለቤትዎ ድምፅ ነው?" ብላ እማዬን መጠየቋ አይቀርም። እማዬ "አላወቅኩትም" ትበል። ይኸው ነው። ድምፁ የእሱ መሆኑን ባንኩ ያረጋግጥ፣ እስኪያረጋግጥ ዓመት ያልፋል። ውሸት አይደለም፣ "ድምፁ እየራቀኝ ነው" ብላ የለም እንዴ? እንደዚያ ብለህ አሳምናት። እባክህ።

እህትህ

ኅዳር 19

ለእትዬ፣

"እንዴት ሆነ?" ብለሽ በአውቶቡስ ሹፌር የላክሻት ብጣሽ ወረቀት ደርሳኛለች። ቁጭ በይና አንብቢው።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ረጅም ጠረጴዛና የማይመቹ ወንበሮች፤ ስፖንጃቸው አልቆ እንጨቱ ይቆረቁራል፣ እዚያም ሆኜ ሥራዬን ሳይ ነበር። ሰብሳቢዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ትልቅ ሴት ናት። የባንኩ ጠበቃ፣ ባለ ቦርሳው፣ አንድ ደግሞ ቀጭን፣ ከእኔ ብዙ የማያንስ ልጅ ተቀምጧል። "እንዴት አደሩ እናቴ" ሲል ነው ለስላሳው መሆኑን ያወቅኩት። እማዬ "እሺ የኔ ልጅ" አለችው። በመንገድ ሁሉ "አላወቅኩትም በይ" ስላት መጥቻለሁ፣ ለእኔም "እሺ" ብላኛለች።

ቅጂውን ከፈቱት። መጀመሪያ የመጣው መዶሻው ነው፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። እትዬ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ በዚያው መዶሻ እሠራለሁ፣ እንዲህ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ የባንኳ ሴት ረጅም ነገር ታነባለች፣ ስለ ሸሪኩ፣ ስለ ብድሩ፣ ስለ ዋስትናው። አባዬ "እሽ" ይላል። ቋ። "ፈቃደኛ ነዎት ማለት ነው?" "እሽ።" ቋ፣ ቋ። "እንግዲያውስ ቀርበው ይፈርማሉ፣ አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ" አለች። ጠበቃው እዚህ ላይ አስቆመው።

ሰብሳቢዋ እንደፈራነው ጠየቀቻት። እማዬ እኔን አየችኝ። እኔም አየኋት። "እሱ ነው" አለች። "ሌላ ማን ይሆናል?" ጠበቃው እየጻፈ ፈገግ ሲል አየሁት፣ በዚያች ሰዓት ወንበሩን አንስቼ ብወረውር ደስ ባለኝ። አንቺ ብትኖሪ ትወረውሪው ነበር።

እማዬ ግን አልጨረሰችም። "ለምን አቆማችሁት?" አለች። ጠበቃው "ዋናው ቃል ተሰምቷል" አላት። "ምን ተሰማ? አፉ ውስጥ ሚስማር እያለ እኮ ነው። እስኪተፋው ጠብቁት እንጂ!" አለች። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወረደችና "ይቀጥል" አለች። ጠበቃው ቀሪው አያስፈልግም አለ። እሷም ደገመችው፣ "ይቀጥል።"

ቀጠለ። ሴትዮዋ "ይጠብቁኝ" ብላ ስትሄድ መስመሩ ክፍት ነበር፣ ሲቀዳም ነበር። መዶሻው አረፈ። ከዚያ ጣሳው ውስጥ ሚስማሩን ሲተፋው፣ ያ ድምፅ፣ ታውቂዋለሽ። ቀጥሎ አባዬ ጥርት ባለ ድምፅ "ማን ነበር እሱ?" አለ። ስልኩን ጆሮው ላይ ደግፋ የያዘችለት እማዬ ነበረች ለካ! የእሷ ድምፅ ተሰማ፣ "እኔ ምን አውቄ? ስታወራ የነበርከው አንተ!" "ምን አወራሁ? እሽ ነው እንጂ ያልኩት። ምን አሉ?" "ዝጋው በቃ፣ ምሳህ ቀዘቀዘ።" ከዚያ ሳቀ። ሳቁ አለ፣ እትዬ። ሁለቱም ሲስቁ ስልኩ ተዘጋ።

እማዬ ሹራብሽን ፊቷ ላይ አድርጋ ነበር። ቀና ስትል "እኔ ለልጆቼ እንኳ ያልቆጠርኩትን እሺ ለእናንተ ልቆጥር?" አለች። ባለ ቦርሳው ወረቀቱን ገፋ አድርጎ "ቢሆንም ለሰላም ሲባል ቢፈርሙ" ሊል ሲጀምር አላስጨረሰችውም። "እምቢ!" አለችው። ከእናታችን አፍ ይቺ ቃል ስትወጣ ከተወለድኩ ሰምቼ አላውቅም። ጠረጴዛውን መታችው ብልሽ ታምኚኛለሽ?

ሰብሳቢዋ "የተፈረመ ነገር አላችሁ?" ብላ ጠየቀቻቸው፣ የላቸውም። ውሳኔው በጽሑፍ ትናንት ደረሰን። ዋስትናው የለም፣ ማሳደዱም ይቁም ይላል። ቤቱ የእማዬ ነው። ስትወጪ ስትገቢ ይሄን እያሰብሽ ደስ ይበልሽ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ስንወጣ እማዬ ወደ ለስላሳው ዞራ "ድምፁን ስጠኝ" አለችው። እሱ ጠበቃውን አየ። ጠበቃው "የባንኩ ንብረት ነው" አለ።

ወንድምሽ

ኅዳር 25

ለወንድሜ፣

ደስ አለኝ፣ አለቀስኩ፣ እንደገና ተናደድኩ፣ ሁሉንም በአንድ ወንበር ላይ። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ውኃ አመጣችልኝ፤ ለምን እንደማለቅስ ስነግራት እሷም አለቀሰች።

"ንብረት" ነው ያለው? የአባቴ ሳቅ የባንክ ንብረት? እናቴ "ምሳህ ቀዘቀዘ" ያለችው የማን ንብረት ነው? ዕዳ አለባችሁ ብለው ወራት ሲያሳድዱን ከርመው፣ ዛሬ የእኛን ነገር መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈው የተቀመጡት እነሱ ናቸው። እኔ በሰው አቤቱታ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ለባንኩ፣ ለጽሕፈት ቤቱ፣ ለሥራ አስኪያጁ ለየብቻ ጽፌያለሁ፣ መልስ ካልመጣ በየሳምንቱ እጽፋለሁ። ሰብሳቢዋ ደህና እንደምቆጣ መስክራ የለ?

እማዬን ደግሞ እስከዚያ አባብላት። ጠብቂ በላት።

እህትህ

ታኅሣሥ 3

ለእትዬ፣

እማዬ አልጠበቀችም።

በየጠዋቱ ስልክ እየደወለች ነው። የምትደውለው ለስላሳው ይደውልበት በነበረው ቁጥር ነው፣ ቁጥሩን ለካ በቃሏ ይዛዋለች። ጠዋት ፊቷን ትታጠብና አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች። "እንዴት አደርክ የኔ ልጅ፣ ሥራ እንዴት ነው?" ብላ ትጀምራለች። ቀጥላ "የባለቤቴን ድምፅ መቼ ነው የምትሰጠኝ?" እሱ አለቃዬን ልጠይቅ ይላል። በማግሥቱ ትደውላለች። አለቃዬ የለም ይላል። በማግሥቱም ትደውላለች። አንድ ቀን ሌላ ሰው አንስቶ "የሉም" ሲላት ከጀርባ ድምፁን ሰምታ "አለ፣ ሲያስል ሰማሁት፣ ዝንጅብል አፍልቶ ይጠጣ በለው" አለችው።

እኔ መጀመሪያ ልከለክላት ነበር። አሁን ሥራዬን አቁሜ ነው የማደምጣት።

ዛሬ ጠዋት ሲያነሳ ድምፁ ደክሟል፣ ቅቤው ጠፍቷል። ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ስለያዘችው እኔም ሰማሁ። "ሰኞ ይዤው እመጣለሁ፣ እሺ እናቴ፣ እሺ" አላት። ትዘጋዋለች ብዬ ስጠብቅ አልዘጋችም።

"አፍህ ውስጥ ሚስማር አለ?" አለችው።

"ኧረ የለም፣ እናቴ።"

"እንግዲያው ይቆጠራል" ብላ ዘጋችው።

ወንድምሽ